አውሮፕላኑን ይቅር አልልም

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ላይ ቆሙ። አልተቀመጡም። በእኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ውሃም አይቀምስም። ይህን ልማድ ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ የሽማግሌ ጉልበት ስንት ደቂቃ እንደሚችል አስልቶ ነው ያወጣው። እነሱ ከመድከማቸው በፊት ቤተሰቡ በሀፍረት ይሸነፋል።

ሁለት ነበሩ። አንዱ ሼህ መህዲ ናቸው፤ በልጅነቴ ቁርኣን ያስቀሩኝ። ሌላው አቶ ሐድጉ፣ ገበያው ዳር እህል የሚነግዱ፣ አባታቸው ከአላማጣ ማዶ መጥተው ቆቦ የቀሩ። ከኋላቸው ጋቢ የተከናነበ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። ቀና ሲል አወቅኩት። ካፒቴን ኢክራማ ነው። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት እኔና እሱ ከዚህ ግቢ በላይ አርባ ስድስት ሰው ጭነን ልንወድቅ ነበር።

አክስቴ ቶይባ ከበሩ ጀርባ ሆና አየችው። «ድንጋይ ነው ይሄ?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሰማው ሹክሹክታ። «ምስር ስለቅም ከዚህ የሚበልጥ አገኛለሁ።»

የሆነው እንዲህ ነው።

የአንድ ትንሽ የግል ድርጅት ረዳት አብራሪ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ባለ ሁለት ፕሮፔለሯን አውሮፕላን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ እንበር ነበር። መሪው የእኔ ነበር፤ ካፒቴኑ ሬዲዮውን ይዟል። መሪው የእኔ ነው ማለት ግን እጄ መሪው ላይ ነው ማለት አይደለም። አሥራ ሰባት ሺህ ጫማ ላይ ከተደላደልን በኋላ የሚያበረው አውቶፓይለቱ ነው። ከፍታውን ይጠብቃል፣ አቅጣጫውን ይይዛል፤ የእኛ ሥራ እሱን መከታተል ነው። ይህን ለቶይባ ስነግራት «ታዲያ አንቺ እዚያ ለጌጥ ነሽ?» ብላኛለች።

ሮቢትን ስናልፍ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር። ነሐሴ ነው። ዞብል ተራራ ላይ ደመና ተከምሯል፤ የሆርማት ወንዝ ደፍርሶ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል።

«ያ የአባቴ ማሽላ ነው» አልኩት ካፒቴኑን በጣቴ እያሳየሁ።

እሱም የዚሁ አካባቢ፣ የጎብዬ ልጅ ነው። «ከዚህ ከታየ ማሽላ አይደለም፣ አረም ነው» አለ። ሳቅን።

በሁለታችን ወንበር መካከል የአውሮፕላኑን አፍንጫ ሽቅብና ቁልቁል ሚዛን የሚያስይዝ መሽከርከሪያ አለ። አውቶፓይለቱ ሲሠራ በየጊዜው ትንሽ ዞር ይልና ይቆማል። ያን ቀን ዞሮ አልቆመም። አፍንጫው ወደ መሬት ማዘንበል ጀመረ። መሪው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ አውቶፓይለቱ ለቀቀ። መሪውን ሳብኩ፣ ሚዛኑን በእጄ መለስኩ። ሁለት መቶ ጫማ ወርደን ነበር።

«ምን ነክተሽ ነው?» አለኝ።

«ምንም አልነካሁም። በራሱ ዞረ።»

«በራሱ አይዞርም። በክርንሽ ነክተሽዋል።» እጁን ወደ አውቶፓይለቱ ማስገቢያ ሰደደ።

«ካፒቴን፣ አይመልሱት። መመሪያው እንዲህ ሆኖ ከወጣ አይመለስ ይላል።»

«መመሪያ ደግሞ አንቺ ታስተምሪኝ? አየሩ ነው ያናወጠን።» አስገባው።

አርባ ሰከንድ ያህል ሠራ። ከዚያ መሽከርከሪያው ወደ ታች ሮጠ። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ አልለቀቀም። ደግሜ ተጫንኩ። መሪውን በሁለት እጄ ጨምቄ ወደ ደረቴ ሳብኩት፤ እሱም እንዳልተገራ ወይፈን ወደ ፊት ይጎትተኛል። ከኋላ የሰው ጩኸትና የብርጭቆ ድምፅ መጣ። ኤሌክትሪኩን ከአውቶፓይለቱ የሚቆርጠው ብሬከር ያለው ከካፒቴኑ ወንበር ጀርባ ነው። እኔ አንድ እጄን ብለቅ አፍንጫው ይሄዳል።

«ብሬከሩን ይሳቡት» አልኩ።

እጁ ጭኑ ላይ ነበር። የሚያየው የከፍታውን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ይሮጣል።

«ኢክራማ! ከኋላህ ነው! ሳበው!»

ሳበው። መሪው ቀለለኝ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ጫማ ወርደን ነበር። ከዚያ እስከ መቀሌ በእጄ አበረርኩ። ሻይ ስትቀዳ የነበረችው አስተናጋጃችን ሊያ እጇ ተቃጥሏል፤ ሌላ ሰው አልተጎዳም።

መቀሌ ስንደርስ ካፒቴኑ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፤ «በከባድ አየር ምክንያት አውቶፓይለት ወጣ።» መልሶ ማስገባቱን አልጻፈም። ብሬከሩንም አልጻፈም። ቴክኒሻኖቹ መሬት ላይ ሞከሩት፤ ሠራ። መሬት ላይ ምን የማይሠራ ነገር አለ?

እኔም የራሴን ሪፖርት ጻፍኩ። የድርጅቱ የደህንነት ኃላፊ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ የሁለት የተለያዩ አውሮፕላኖች ታሪክ ነው» አለኝ። «እስከ ሰኞ አንድ አድርጉት።» አንድ አድርጉት ማለት የእኔን ቀይሪው ማለት ነው። ከቀየርኩ ሰኞ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። ካልቀየርኩ በክርኔ ነክቼው እንደሆነ የሚመረምር ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ኮሚቴ የተቀመጠበት ረዳት አብራሪ ደግሞ ወደ መሪው ሲመለስ አይቼ አላውቅም። አውሮፕላኑ በሁለቱም መንገድ ሰኞ ጠዋት ከሃንጋር ወጥቶ ሰው ይጭናል።

ቆቦ መጣሁ። ለአቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚላከውን ቅጽ ስልኬ ላይ ሞልቼ ሦስት ቀን ሳልልከው ቆየሁ። ፈርቼ አይደለም ብል ውሸት ነው። ግን ከፍርሃት ሌላ አንድ ነገር ነበር። ክርኔ ነክቶት ቢሆንስ? የተማርኩት ኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ፣ ሲሞከር የማይደገም ብልሽት ምን ያህል ደካማ ማስረጃ እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ካፒቴኑ ሃያ ስምንት ዓመት በሯል። እኔ ሦስት።

አባቴ ታሂር ምንም አልጠየቀኝም። ጊዜም አልነበረው፤ የጎርፍ ወቅት ነው። በእኛ ሜዳ ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያበቅልም። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይና በቅጠል ጠልፈን ነው ወደ ማሳ የምናስገባው። የማሳው ባለቤቶች በቦዩ ዳር ተራ በተራ ይቆማሉ። ላይኛው ጫፍ ላይ የሚቆመው ሰው አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ጎርፉን ሲያይ ወደ ታች መጮህ። ተሳስቶ ቢጮህ ማንም አይቆጣውም፤ ሰው ሁሉ ይስቅበትና ወደ ሥራው ይመለሳል። አይቶ ዝም ካለ ግን ቦዩ ውስጥ ያለ ሰው በሬውን ይዞ ይወሰዳል። ያን ሰው ላይኛው ላይ ዳግመኛ የሚያቆመው የለም። አባቴ ዘንድሮ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ያን ቅዳሜ ጠዋትም ገና ከዚያ መመለሱ ነበር፤ ጭቃው ባቱ ላይ አልደረቀም።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አላቸው ሽማግሌዎቹን።

«ልጅህ እሺ ስትል እናርፋለን» አሉ ሼህ መህዲ። ወደ እኔ ዞሩ። «ራዊያ፣ የኔ ልጅ፣ ይህ ሰው በድሎሻል። በደሉንም አምኗል። ያላመነ ሰው እኛ ፊት ድንጋይ አይሸከምም።»

«አንቺም ጥፋት አለብሽ አሉ» አሉ አቶ ሐድጉ። «አንተ ብለሽዋል።»

«ብየዋለሁ።»

«በስሙም ጠርተሽዋል። በአባትሽ ዕድሜ ያለ ሰው!»

«ጠርቼዋለሁ። ማዕረጉን ጠርቼ እስክጨርስ የአባቴ ማሽላ ውስጥ እንገባ ነበር።»

ቶይባ ከበሩ ጀርባ ሳቋን ለቀቀችው። አቶ ሐድጉ ጢማቸውን ጠረጉ፤ የሳቁ መሰለኝ።

«ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልጉት?» አልኩ። አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። ሽማግሌ አይጣደፍም። እኔ ግን ስልኬ ላይ ያልተላከ ቅጽ አለኝ፤ ሰኞ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

«ይቅር በይው» አሉ ሼህ መህዲ። «ወረቀታችሁንም አንድ አድርጉ። የቆቦና የጎብዬ ልጆች አዲስ አበባ ሄደው ሲካሰሱ ለእኛም ነውር ነው።»

«የትኛውን በደል ነው ያመነው?»

ይህን የጠየቅኩት ነገሩን ለማሳጠር ነበር። ካፒቴኑ ግን አንገቱን ሲያንቀሳቅስ አየሁ። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖሯል። የአዲስ አበባ ሽማግሌ «አጥፍቷል፣ ይቅርታ» ብሎ ወደ ምሳው ያልፋል። እዚህ ደንቡ ሌላ ነው። በዳይ ለሽማግሌው አንድም ሳይደብቅ ይናገራል፤ ሽማግሌውም ለተበዳይ አንድም ሳይቀንስ ያደርሳል። ሼህ መህዲ ደግሞ ከማንም በላይ አይቀንሱም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሱራ እንደሚያሰሙ ሁሉ ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ።

«አንደኛ፣ አንቺ ተው ስትይው ያን ነገር መልሶ ማስገባቱን አምኗል። ሁለተኛ፣ እንዳልነካሽ እያወቀ በክርንሽ ነክተሽ ነው ማለቱን አምኗል። ሦስተኛ፣ ሳብ ስትይው እጁ መድረቁን አምኗል። አራተኛ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም ያው አውሮፕላን ያንኑ አድርጎበት ለማንም ሳይናገር ዝም ማለቱን አምኗል። ይሄው ነው። ወላሂ፣ አንዱንም አላስቀረሁም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ምን እንዳደረሱኝ አላወቁም ነበር። ለእሳቸው አራተኛው ከአራቱ አንዱ ነው።

«አራተኛውን ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ሼህ፣ እሱ እንኳ በእኛ መካከል የተነገረ ነው» አለ ካፒቴኑ ከድንጋዩ ሥር።

«በእኛ መካከል የሚባል ነገር የታለ? ሙሉውን አድርሱልኝ ብለህ ነው የላክኸኝ።» ለእኔም ቃል በቃል ደገሙልኝ።

ወደ ካፒቴኑ ዞርኩ።

«ምን አደረገብህ?» አልኩት።

«እንደገና አንተ!» አሉ አቶ ሐድጉ።

ካፒቴኑ ድንጋዩን በአንድ እጁ ደገፍ አደረገ። «ትንሽ ነው። መቶ ጫማ አይሞላም። አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት፤ ሠራ። ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነ።»

«አብሮህ የነበረው ማነው?»

«ረዳት አብራሪው ተመስገን። ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤት ነበር።»

«መዝገብ ላይ አልጻፍከውም።»

«ምን ብዬ ልጻፍ? ሲሞከር የሚሠራ ነገር! በሁለት ወር ውስጥ አሠልጣኝ ሊያደርጉኝ ነበር። በሰበቡ ሁሉ አውሮፕላን የሚያስቆም ሰው ማን አሠልጣኝ ያደርጋል?»

«ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት መሪውን ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር።»

«አላወቅኩም። ጠርጥሬያለሁ።»

«የጠረጠርከው ክርኔን ነው ያልከው እኮ።»

ሦስት ቀን የተሸከምኩት ጥርጣሬ ከላዬ ወረደ፤ በምትኩ የመጣው ንዴት ነበር፤ ንጹህ፣ የሚጠቅም ንዴት። ሁለት ጊዜ። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ዓይነት ብልሽት፣ ሁለት ጊዜ። ይህ ክርን አይደለም፤ አየርም አይደለም።

ወደ እሱ ሄድኩና ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳሁ። እውነትም ቀላል ነበር።

«አንደኛውን ይቅር ብያለሁ» አልኩ። «ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም፤ የማንም ሰው እጅ ይደርቃል። አራተኛው ግን የእኔ በደል አይደለም። ይቅር ልበል ብልም አልችልም። የተበደሉት ሰኞ የሚሳፈሩት ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ሽማግሌ አልተላከም። ወረቀቱም አይቀየርም።»

«እዋይ!» አሉ አቶ ሐድጉ። «ይቅር ብለሽ፣ ድንጋይ አውርደሽ፣ ደግሞ ታስከስሺዋለሽ?»

«እሱን ይቅር ብያለሁ፤ አውሮፕላኑን ይቅር አልልም። አውሮፕላን አይታረቅም። ይጠገናል።»

«ታሂር! ልጅህን አንድ ነገር አትላትም?»

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። የቆመ ሽማግሌ የመለሰ ቤት ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ነገ እሱ የሚታረቅበት ነገር ቢመጣ ማን ይቆምለታል? ወንድሜን ሊድር ቢፈልግ ማን ይሄድለታል? አባቴ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቃል። ጭቃውን ከባቱ ላይ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ከዚያ የተናገረው ለእኔ አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎብዬ ላይ ጎርፍ ትጠልፋላችሁ?»

«እንጠልፋለን» አለ ካፒቴኑ ግራ ገብቶት።

«አባትህ ላይኛው ላይ ቆሞ ያውቃል?»

«ብዙ ዓመት ቆሟል።»

«ይጮህ ነበር?»

ካፒቴኑ መሬቱን አየ። «ይጮህ ነበር» አለ።

«እንግዲህ» አለ አባቴ።

ስልኬን አወጣሁ። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከጀርባው የምጽፈው ነገር እንዲኖር አልፈለግኩም። «ይኸው ብልሽት ከዚህ በረራ በፊት በነበረው ሳምንት ሐሙስ ዕለት በዚሁ አውሮፕላን ላይ ታይቶ በመዝገብ ሳይሰፍር ቀርቷል።» ሐሙስ ያልኩት በግምት ነው፤ የምደባ ሰሌዳው ላይ በዚያች አውሮፕላን ስሙን ያየሁት ሐሙስ ነበር።

«ምስክር ካስፈለገሽ ስሜን ጻፊ» አሉ ሼህ መህዲ። «የሰማሁትን አልክድም። አብሽሪ።»

«ሼህ!» አሉ አቶ ሐድጉ። «ለእርቅ መጥተን ምስክር ሆነን ልንመለስ?»

«ታዲያ አልሰማሁም ልበል?»

ጣቴ መላኪያው ላይ ነበር። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ።

«ልታስቆመኝ አትችልም» አልኩት።

«ሐሙስ አይደለም» አለ።

«ምን?»

«ረቡዕ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ወልድያን እንዳለፍን። ዘጠና ጫማ።» ጋቢውን ከትከሻው ላይ አስተካከለ። «ተሳስተሽ ከላክሽው በቀኑ ስህተት አሳብበው ጠቅላላውን ይጥሉታል። አስተካክይው።»

ለቅጽበት አየሁት። ይህን የሚለው ለእኔ ብሎ ይሁን ለራሱ አላውቅም፤ ለማወቅም ጊዜ አልነበረኝም። ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ። አራት ሰዓት ከሩብ። ዘጠና ጫማ። ላክሁት።

የቆቦ ኔትወርክ ግን የማንንም ጀግንነት አይጠብቅም። ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። አምስት ሰው ቆሞ አንዲት ስልክ ያያል።

«ኧረ ተቀመጡ!» አለች ቶይባ በመጨረሻ ከበሩ ጀርባ ወጥታ። «ኔትወርኩን ቆማችሁ አታመጡት።»

«እሺ ተብለናል እንዴ?» አሉ ሼህ መህዲ ወደ እኔ እያዩ።

«ከአራቱ ሦስቱን ተብላችኋል።»

አሰቡበት። «ለሦስቱ ጉልበቴ ይታጠፋል» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። አቶ ሐድጉ ትንሽ ቆዩ፤ አጉረመረሙ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ካፒቴኑ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም፤ አባቴ ጎኑ ቦታ አሳየው። ድንጋዩ አሁንም በእኔ እጅ ነበር።

«አምጪው» አለኝ አባቴ። «ለመጥለፊያው ይሆናል።»

«ለእሱ እንኳ ያንሳል» አለች ቶይባ።

ስልኩ «ተልኳል» አለ።

ሰኞ ኮሚቴው ይጠብቀኛል። ወንበር ስበው ተቀመጪ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አውሮፕላኑ አይወጣም እስኪሉኝ ድረስ አልቀመጥም።